እህቴን ማን ያርሳታል?

የድምፅ መልእክቱ የገባው በኢሞ ነው፤ ከጅዳ። ከኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፤ ማዳም ሳትመጣባት ለመጨረስ የቸኮለች ትመስላለች። «እህቴ ደሴ ናት። የመጀመሪያዋ ነው፣ ቀኗ ደርሷል። እናታችን ካረፈች ቆየች። እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ። እህቴን ማን ያርሳታል?» አለችና ዝም አለች።

ዋጋ አልጠየቀችም። «አገልግሎታችሁ ምን ምን ያካትታል?» አላለችም። ገንፎም ወይባም አላነሳችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጥያቄ ይሁን ለቅሶ አልለየልኝም። መልእክቱ የመጣው ለአክስቴ ሥራ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፍቼ፣ «ሰው እንዴት ያግኘን?» እያልኩ ስብሰለሰል በከረምኩበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ የሚባል ነገር ባሰብኩ ቁጥር የዚያች ልጅ ድምፅ ይመጣብኛል።

ሥራው

አክስቴ አራስ ታርሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ወላዷ ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቱን አሰናድታ ትጠብቃታለች። ገንፎውን ታገነፋለች፣ አጥሚቱን ታፈላለች፣ ገላዋን ታጥባታለች፣ ወገቧን በመቀነት ታስርላታለች። ሰንበትበት ብላ ስትጠነክር ወይባ ታጨሳታለች። ሌሊት ልጁ ሲነሳ አብራ ትነሳለች። ጠያቂ ሲበዛም ማንንም ሳታስቀይም ትሸኛለች። ለዚህ ለመጨረሻው ችሎታዋ ብቻ ደመወዝ ይገባት ነበር።

አንዳንዱ ቤት እስከ ሰባተኛው ቀን፣ እስከ አቂቃው ያቆያታል። አንዳንዱ እስከ ክርስትናው ይፈልጋታል። ክርስትናው ደግሞ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ሰማንያው ለማንም ኪስ አይመችም። አገሩ ወሎ ነውና ሁለቱም ቤት ትገባለች። በአንዱ ቤት ገና ሳይወለድ እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ቡናውን ታፈላለች። በሌላው ቤት የክርስትናውን ዳቦ ትደፋለች። ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን የቱን ቀን እንደሚያከብር ሊነግራት የሚሞክር ሰው ያስቃታል።

ድሮ ይኼ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አልነበረም። እናት ታርሳለች። እናት ከሌለች አክስት፣ አክስት ከሌለች የሰፈር ሴት አትጠፋም። አሁን እናቶቹም እህቶቹም ዓረብ አገር ናቸው። ኮምቦልቻም የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ለሥራ የመጡ ወጣት ሴቶች በኪራይ ቤት ይኖራሉ። እዚያው ያገባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። እናት ከገጠር መጥታ ሳምንት ብትቀመጥ ነው፤ አዝመራው ይጠራታል፣ ከብቱ ይጠራታል።

እናም ሰው አክስቴን መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ የሚሰጧት ነጠላ ነበር። ቀጥሎ በመሐረብ የተቋጠረ ብር መጣ። ቀጥሎ ቴሌብር። ነገሩ ቴሌብር ላይ ሲደርስ ነው እኔ «ይኼማ ድርጅት ነው» ብዬ የገባሁበት።

ሳጥኑ

ጎግል ካርታ ላይ ድርጅት ስታስመዘግቡ መጀመሪያ ስም ትጠየቃላችሁ፤ ወዲያው የሥራ ዘርፍ ይከተላል። ዘርፉን እንደ ልብ መጻፍ አይቻልም። ከተዘጋጀ ዝርዝር ትመርጣላችሁ፤ አንድ ዋና ዘርፍ፣ ሲበዛ ዘጠኝ ተጨማሪ። ለፀጉር ቤት ወይም ለመለዋወጫ መደብር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ያቺን ባዶ ሳጥን እያየሁ አመሸሁ።

አክስቴን ጠራሁና «ሥራሽን በሁለት ቃል ንገሪኝ» አልኳት። «አራስ ማረስ» አለችኝ። «እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አልኳት። «ታዲያ ዝርዝሩን የጻፈው ወንድ ነዋ» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቼ ደንበኛ እንዴት እንደሚያስብ ላስረዳት ብሞክር «ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ቀጠልኩ።

ጎግል ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ የተለያየ ስም እየሰጠሁ አየሁት። ጥሩ ነገሩ፣ እያንዳንዱ ስም የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል። «ስፓ» ስንል ሙሽሮች ደወሉ፤ ሠርጋቸው ደርሶ ወይባ መግባት የሚፈልጉ። እነሱስ ደግ ናቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጽፉት ወንዶች ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት፤ እሱን እዚህ አላነሳውም። ምግብ ነክ ስም ስንሰጠው አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ገንፎ አዘዘ። አክስቴ በዚህኛው አልተከፋችም፣ ሠርታ ላከች። ሠራተኛ አገናኝ የሚመስል ነገር ስንጽፍ ደግሞ ስልኩ ማረፊያ አጣ። ልጅም የምትይዝ፣ እንጀራም የምትጋግር፣ ልብስም የምታጥብ፣ ማታም የማትወጣ ሴት በርካሽ የሚፈልግ ሁሉ ደወለ። ሥራ የሚፈልጉ ልጆችም ደወሉ፤ ለእነሱ «የለም» ማለት ይከብዳል።

በጣም የፈራሁት የጤናውን ዘርፍ ነው። ጤና ካልን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልክም ነው። ደግሞም ሰው «ታዋልዳለች?» ብሎ ይጠይቃል። አክስቴ አታዋልድም፣ አዋልዳም አታውቅም። «እኔ ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ነኝ» ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ፣ ወላድ ከጤና ተቋም ከወጣች በኋላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፦ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት። አክስቴ መመሪያውን አላነበበችም። የቀጠሮውን ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ የምትለጥፈው እሷ ናት። ወላዷ ትኩሳት ካላት ወይም ደሟ ከበዛ ገንፎውን እሳት ላይ ትታ ባጃጅ ታስጠራለች። ለሕፃኑ ከጡት በቀር ጠብታ ነገር እንዲቀመስ አትፈቅድም፤ ቅቤ ላልስ የምትል አያት ከመጣች ጠቡ ከእሷ ጋር ነው።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። «ድርጅታችሁ ምንድን ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው የሚቀርበንን ዘመድ እየጠራሁ ነው፦ ስፓ ነገር፣ ሞግዚት ነገር፣ ነርስ ነገር።

ሥራው በዓለም ላይ እንግዳ ሆኖ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ወላድን ቤቷ ድረስ መጥታ የምትንከባከብ የሠለጠነች ባለሙያ አለች፤ አገልግሎቱ በመሠረታዊው የጤና መድን ውስጥ የተካተተ ነው። ቻይናዎችም የወለደችን ሴት አንድ ወር ሙሉ የምታርስ ሴት በደመወዝ ይቀጥራሉ። እኛ ያው ልማድ አለን፣ ያው ገንፎ አለን፤ የጎደለን በገንዘብ መቁጠሩ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ለቤት እንክብካቤ የሚጠጋውን መረጥኩ። የመረጥኩት ብዙ ሰው ስለሚያመጣ አይደለም። የማንፈልገውን ሰው በብዛት የማያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። ከሥሩም «የማንሠራው» ብዬ ጻፍኩ፦ አናዋልድም፣ መድኃኒት አንሰጥም፣ ቋሚ ሠራተኛ አናገናኝም፣ የሙሽራ ወይባ የለንም። ከገጹ ውስጥ እስካሁን በጣም የሚጠቅመን ያ መስመር ይመስለኛል። ስልኩ ረጋ አለ።

አክስቴ ስትመልስ

የጅዳዋ መልእክት የመጣው ይኼን ሁሉ ጨርሼ፣ «በቃ ተስተካከለ» ባልኩበት ሰዓት ነው።

እኔ የዋጋ ዝርዝሩን ልልክላት እያዘጋጀሁ ነበር። ሦስት ዓይነት ጥቅል አለን፤ የሰባት ቀን፣ የአሥራ አምስት ቀን፣ የአርባ ቀን። በቀለም አሳምሬ ሠርቼዋለሁ። አክስቴ ድምፁን ሰማችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። «የቱ ጋ ነው የሚነካው?» አለች። ነካሁላት።

«አብሽሪ ልጄ» አለች። «አብሽሪ። እኔ አርሳታለሁ።» ከዚያ እሷው መጠየቅ ጀመረች። ባሏ እንዴት ነው፣ ማታ ቤት ይገባል? አማት አለች? ከአማቷ ጋር ይስማማሉ? ቤቱ የመሬት ነው ፎቅ? ወይባ ማጨሻ ቦታ አለው? እናታችሁ አራስ ስታርስ ምን ምን ታደርግ ነበር፣ ገንፎው ላይ ምን ትጨምር ነበር?

መልሱ የመጣው ከመሸ ነው። ረጅም ነበር። እናታቸው በርበሬውን ቀነስ አድርጋ ተልባ ታበዛ እንደነበር ነገረችን። ለትልቋ እህታቸው ስታርስ ማታ ማታ እግሯን በሞቀ ውኃ ታሽላት እንደነበር ነገረችን። መሐል ላይ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ከዚያ የራሷን ጥያቄዎች አወረደችው። «እትዬ፣ ሌሊት እዚያው ያድራሉ? ብታለቅስ ለኔ ይነግሩኛል? እሷ ለኔ ሁሌ ደህና ነኝ ነው የምትለው። አማቷ ልጁን ቅቤ አልሱት ብትል ምን ይላሉ? ብሩን ለባሏ ልላክ ለእርስዎ? ከሰፈሩ ሰው የሚያውቅዎት አለ?»

እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ገለበጥኳቸው። ጎን ለጎን ገጻችንን ከፈትኩ። እዚያ «ልምድ ባላት እናት የሚሰጥ የተሟላ የአራስ እንክብካቤ» ይላል። ውሸት የለበትም። ግን ያቺ ልጅ ይኼን ብታነብ የትኛው ሐሳቧ ይቀልላታል? «ብታለቅስ ይነግሩኛል?» ለሚል ሰው «የተሟላ» ምን ይሠራለታል?

እዚህ ላይ ብዙ ቀን አሰብኩ። ነፍሰ ጡሯ ራሷ ደውላልን አታውቅም። ለምን ትደውላለች? ሳይወለድ ዝግጅት ማብዛት እኛ ዘንድ ደስ አይልም፤ ምላስ ላይ እንኳ አይወጣም። እናም የምትታረሰው ሌላ፣ የሚደውለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው። እህት ከሆነች የምትጠይቀው ስለ ለቅሶና ስለ ሌሊት ነው። ባል ከሆነ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ የት ትተኛለች። አማት ከሆነች አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት፦ «ማን ነው የላከሽ?» የሁሉም ጭንቀት ለየቅል ነው። ማናቸውም ግን የሚገዙት ነገር ስም ያለው መሆኑን አያስቡም። ስለዚህ በስሙ አይፈልጉትም። የሚሄዱት ከነጭንቀታቸው ነው፣ የሚጽፉትም ጭንቀቱን ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ልጅቷን «እንዴት አገኘሽን?» ብዬ በኋላ ጠየቅኳት። ጎግል አይደለም። ጅዳ ውስጥ የምታውቃት የሐይቅ ልጅ አለች፤ የወንድሟን ሚስት አክስቴ ናት ያረሰቻት። ቁጥሩን የሰጠቻት እሷ ናት። ልጅቷ ከመደወሏ በፊት ገጻችንን ከፍታ አየች። «ሰውየዋ እውነት መኖሯን ላረጋግጥ ብዬ» አለችኝ። ገጹ እንግዳ እንዲጠራልን ነበር የከፈትኩት፤ እሷ ግን የመጣችው የተነገራትን ለማጣራት ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይላሉ። ጎረቤቱ ዛሬ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል እንጂ አባባሉ እንዳለ ነው።

ጎግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን ማስቀደም እንዳለበት የሚወስነው በሦስት ነገር እንደሆነ ራሱ ይናገራል፦ ከተፈለገው ነገር ጋር ባለው ተዛማጅነት፣ በርቀት፣ በታዋቂነት። ርቀቱ ለእኛ የተገላቢጦሽ ነው። ስልኩን የያዘችው ጅዳ ናት፣ ገንፎው የሚገነፋው ደሴ ነው። «አጠገቤ ያለ» ብላ ብትፈልግ የሚመጣላት የጅዳ ነው። እኛ የምንገኘው ከተማውን ጠርታ ከጻፈች ብቻ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ የቦታ ስም አስገባሁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ሐርቡ። ቤት ለቤት የሚሠራ ድርጅት አድራሻውን ደብቆ እስከ 20 የሚደርሱ የአገልግሎት አካባቢዎችን መመዝገብ ይችላል፤ ከመነሻው ግን በመኪና ከሁለት ሰዓት ባይርቅ ይመረጣል ይላል ደንቡ። ለአክስቴ ወገብም ደንቡ ልክ ነው።

ገጹን እንደገና ስጽፈው «ስለ እኛ» የሚለውን አወጣሁት። በቦታው የሰዎቹን ጥያቄ እንደጠየቁት አስቀመጥኩ። «እህቴ ደሴ ትወልዳለች፣ እኔ ዓረብ አገር ነኝ።» ከሥሩ መልስ። «ሌሊት ታድራለች?» ታድራለች፤ በየሳምንቱ አንድ ሌሊት ግን ቤቷ ትገባለች፣ ያን ቀን ማን እንደሚያድር አስቀድመን እንነጋገራለን። «እህቴ ብታለቅስ ትነግሩኛላችሁ?» ይኼኛው ላይ ከአክስቴ ጋር ተከራከርን። እኔ «አዎ» ብለን እንጻፍ አልኩ። እሷ እንቢ አለች። «የአራስ ቤት ወሬ ከአራስ ቤት አይወጣም። ራሷ እንድትነግራት አደርጋታለሁ በይ» አለችኝ። ያንኑ ጻፍኩ። ለሽያጭ የእኔው ይሻል ነበር ብዬ እስካሁን አስባለሁ። ያም ሆኖ ደውለው የሚያነሱልን መልስ የእሷው ነው።

አንዳንዱን ጥያቄ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም አድርጌ ደግሜዋለሁ። ውጭ ያለ ሰው ስልክ ሁሉ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ የለውም፣ ቢኖረውም ቸኩሎ ነው የሚጽፈው። ጽሑፉ ላይ ሲታይ ያስጠላል። ይሁን።

ዳታ በሌለበት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋና ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ፣ ገጹ አበቃለት ብዬ ነበር። እዚህ ማንም አያየውም። እኔም ራሴ ዋይፋይ ያለበት ቤት ካልሄድኩ አላየውም። ሥራው ግን አልቆመም። ጅዳና ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉት ገጹን ያነባሉ፤ አንብበው በኖርማል ስልክ ደሴ ይደውላሉ፤ ደሴ ያለው ባል ወይም ወንድም ደግሞ ለእኛ ይደውላል። መልእክቱ በሰው አፍ ተዘዋውሮ ይደርሳል።

ያኔ ነው መልሶቹን ሁሉ ያሳጠርኳቸው። አንድ መልስ በስልክ ተነግሮ፣ የሰማው ሰው ለሌላ ሳያበላሽ ሊደግመው ካልቻለ ረዝሟል ማለት ነው። በምስል ላይ ያሉትን ቁጥሮችና ዋጋዎችም በጽሑፍ አወረድኳቸው። ያ በቀለም ያሳመርኩት ሰንጠረዥ ያኔ ነው የወጣው። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው፤ ቆንጆ ነበር።

ካሜራ የማይገባበት ቤት

ቲክቶክ ፊትና ጉድ ይፈልጋል። አራስ ቤት ደግሞ ካሜራ አይገባም። ዓይን አለ፣ ነውር አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የደከመች ሴት አለች። ልጁን ፊቱን ሸፍነን እናሳይ ቢባል እንኳ አክስቴ አትሰማም። አንድ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ሐሳብ አመጣልን፦ ተዋናይ ትተኛ፣ አሻንጉሊት እንጠቅልል፣ አክስቴ ገንፎ ታቅርብ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሐሳቡም ለሌላ ድርጅት ይሆን ነበር። አክስቴ «ያልወለደችን አራስ ቤት አስተኝቼ? አላህ ይጠብቀኝ» ብላ ጨረሰችው።

የቀረን እጅና ድምፅ ነው። እጇ ገንፎ ሲያማስል፣ እጇ መቀነት ሲያጥፍ፣ እጇ የወይባ እንጨት ሲሰነጥቅ። የወይባው ቪዲዮ ብዙ ሰው አየው። ከዚያ የመጣ ደንበኛ ግን አላስታውስም፤ የመጣው «ወይባ የት ይሸጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። ለወይባ ነጋዴዎች በነፃ ማስታወቂያ ሠራንላቸው ማለት ነው፤ አላህ ይስጠን።

ድምፅዋ ግን ሌላ ነው። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩላት እሷ ትመልሳለች፤ እኔ እቀዳለሁ። ከደቂቃ አይበልጥም። ቴሌግራም ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ከዚያ ሰው ወደ ኢሞ ይወስደዋል። ቪዲዮ የማይከፍት ቀርፋፋ ኔትወርክ ድምፅ ይከፍታል። ማዳም ቤት እቃ የምታጥብ ልጅም ስክሪን ማየት አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው። አንዷ «እትዬ ‹አብሽሪ› ያሉትን ስሰማ ሳላያቸው አመንኳቸው» ብላ ላከችልን። እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ ለማምጣት ብዙ ለፍቻለሁ፣ አልመጣልኝም።

ስቱዲዮ አንቀዳም። አንዴ ሞክረን ድምፅዋ ዜና የምታነብ ሴት መሰለ። አሁን የምንቀዳው ቡና ስታፈላ ነው።

ምስክር፣ ዋጋ

እኛ አገር የረካ ሰው ኮከብ አይሰጥም፤ ይመርቃል። አክስቴ የተመረቀችው ምርቃት ጎግል ላይ ቢወጣ ኖሮ ከተማው ውስጥ የሚደርስባት ድርጅት አይኖርም ነበር። አስተያየት በገንዘብ ወይም በስጦታ ማስጻፍ ክልክል ነው፣ እኔም አልሞክረውም። የማደርገው፣ ሥራው አልቆ ሰው ስልክ ደውሎ ሲመርቃት፣ «ይኼን እዚያ ላይ ብትጽፉልን» ብሎ አድራሻውን መላክ ብቻ ነው። በብዛት የሚጽፉት ባሎች ናቸው። አጭር ነው የሚጽፉት፤ «ሚስቴ ተኝታ አደረች» ብሎ የጻፈው ግን ለኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ዋጋ ላይ አክስቴና እኔ ዛሬም አንግባባም። እሷ «የሚሰጡኝን» ማለት ነው የሚቀላት። ሩቅ አገር ያለ ሰው ግን «የሚሰጡኝን» ሲሉት ይፈራል፤ ነገ ምን ሊጠየቅ እንደሚችል አያውቅማ። ስለዚህ ዋጋው ተጽፏል። ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ልጆች ስትሄድ ግን የተጻፈውን እንደማትቀበል አውቃለሁ። ሂሳቡ ላይ ያለውን ክፍተት አያለሁ፣ ዝም እላለሁ።

አሁን የተያዝነው በሌላ ነገር ነው። ጥሪው ከአንድ ሰው አቅም አልፏል። አክስቴ አንዲት ሴት እያስለመደች ነው። እጇ ጥሩ ነው፣ ትዕግሥቷም ጥሩ ነው፣ አማት አያያዝ ግን ገና ይቀራታል ትላለች አክስቴ። አዲስ አበባ ያሉ የወሎ ልጆችም «እዚህስ አትመጡም?» ማለት ጀምረዋል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ እንሞክረው ባይ ነኝ፣ አክስቴ «ማን እንደላከኝ የሚነግርልኝ በሌለበት ሰፈር አልገባም» ባይ ናት። ለአዲሷ ሴት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰው ገጹ ላይ የሰማው የአክስቴን ድምፅ ነው፤ በሩ ሲከፈት የምትገባው ግን ሌላ ሰው ልትሆን ነው። የእሷንም ድምፅ እንቅዳ አልኩ። አክስቴ «መጀመሪያ ከእኔ ጋር ሁለት ሦስት ቤት ትግባ፣ ከዚያ ትቀዳለች» ብላለች።